ሳይርቅ በቅርቡ

ልጄ፣ ነሐሴ ሲጋመስ የመካነ ኢየሱስ መናኸሪያ በእኩዮችህ ይሞላል። አንዱ ከእስቴ ገጠር፣ አንዱ ከስማዳ፣ ሌላው ከጋይንት ይመጣል። ፊታቸው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ነው። እዚያ ሰሊጥ ይታረማል፤ መስከረም ጠብቶ ሲደርስ ይታጨዳል። መሬት ለጠበበው የደጋ ልጅ ጥሪት የሚቋጥርበት ሌላ መንገድ ብዙ አይደለምና አትሂድ አልልህም። መንገደኛ ግን ስንቅ ይዞ ይወጣል። እኔም ለመንገድህ ስንቅ የሚሆን የቆየ ታሪክ ልነግርህ እፈልጋለሁ።

ታሪኩ ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ሆስፒታል ስለተኙ ሰዎች ነው። አንዳንዶቹ ድነው በእግራቸው ወጡ። ሌሎቹ በቃሬዛ ወጡ። በአንድ ክፍል ተኝተው፣ በአንድ ሐኪም ታይተው፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት ወስደው መጨረሻቸው ለምን ተለያየ? ያለፈው ዘመን ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ትቶልናል። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱን ያመጣው ሰውየው ወደ ሕክምና የሄደበት ቀን ነው። የቀደመው ዳነ፤ የዘገየው ከፈለ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ተረዳ። ገብስ ሲያሽት በማሳው ዳር ጠባቂ ይቆማል። ዝንጀሮው ከገደሉ ጠፍቶ አያውቅም፤ ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። ጠባቂው ንቁ እስከሆነ ድረስ ግን ወደ ማሳው አይደፍርም። ጠባቂው የታመመ ዕለት መንጋው ይገባል። ኤችአይቪ የሚያጠቃው ይህን ጠባቂ ነው። ሐኪሞች ሲዲ ፎር ብለው የሚቆጥሯቸው ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። የጤነኛ ሰው ቁጥር በአብዛኛው ከ500 በላይ ነው። ቫይረሱ በዝምታ ለዓመታት ሲበላቸው ቁጥሩ ይወርዳል። ከ200 ሲያንስ ሌላ ጊዜ ሰውን የማይደፍሩ ጀርሞች ሁሉ ይደፍራሉ።

እነዚህን አጋጣሚ ጠብቀው የሚመጡ ተጓዳኝ በሽታዎች እንላቸዋለን። ቲቢ ቀዳሚው ነው። በአፍና በጉሮሮ የሚወጣው ነጭ ሻጋታ አለ። ትንፋሽ የሚያሳጥር የሳንባ ምች አለ። የአንጎልን ሽፋን የሚያቆስል ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ አለ። ለሳምንታት የማይቆም ተቅማጥ አለ። ዓለምም ኤድስን ያወቀው በእነዚሁ በሽታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 5 ወጣቶች ጤነኛ ሰው በማይዘው የሳንባ ምች ታመው መገኘታቸው ተጻፈ። ጽሑፉ ሲወጣ ሁለቱ ሞተው ነበር። ቫይረሱ ገና ስም አልነበረውም፤ ተከትሎት የገባው በሽታ ግን አስቀድሞ ታየ።

ወደ አገራችን እንምጣ። የቫይረሱ ምልክት በተቀመጠ ደም ላይ የተገኘው በ1976 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን አዲስ አበባ ላይ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሽታው ነበረ፣ መድኃኒቱ ግን አልነበረም።

የዚያን ዘመን ሕመምተኛ መንገድ ልንገርህ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ የብዙዎች መንገድ ነው። መጀመሪያ ወገቡ ላይ ወይም ደረቱ ላይ አልማዝ ባለጭራ ይወጣበታል። ያቃጥለዋል፣ ይሰነጥቀዋል፤ የባህል መድኃኒት ይቀባበታል፣ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይረሳዋል። ቆም በል፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ ይህ ነበር። በወጣት ገላ ላይ የወጣ አልማዝ ባለጭራ ጠባቂው እንደታመመ ሊናገር ይችላል። ያን ጊዜ ደሙን ቢመረመር ኖሮ የቫይረሱ መድኃኒት ባይኖርም ተከትለውት የሚመጡትን በሽታዎች ቀድሞ ማከም ይችል ነበር።

ቀጥሎ ሌሊት ሌሊት ያልበዋል። ቀበቶው ይሰፋዋል። ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ይታሽለታል። ሳሉ ሲበረታ ብርድ ነው ይባላል። ቤተሰቡ ፍየል ይሸጥለታል፣ ጎረቤት ማር ያመጣለታል። ሁሉም በፍቅር ነው። ግን ሁሉም ጊዜ ይበላል። ሳሉ ቲቢ ሆኖ ወራት አልፈዋል፤ በአንድ ጎጆ የሚያድሩት ልጆችም የእርሱን ትንፋሽ ይተነፍሳሉ። ይህ ሁለተኛው መታጠፊያ ነበር።

በመጨረሻ በወሳንሳ ተሸክመው ሆስፒታል ያደርሱታል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ አጥሚት በማንኪያ ትይዝለታለች። አንዱን ማንኪያ ይቀበልና ሁለተኛውን በእጁ ጀርባ ይመልሰዋል። እናቱ «ልጄ፣ ስለ እመቤቴ ብለህ» ትለዋለች። ጠልቶት አይደለም። ከምላሱ እስከ ጉሮሮው የተጋገረው ነጭ ነገር ምራቁን እንኳ አላስውጥ ብሎት ነው። ሐኪሙ ለዚያ መድኃኒት አለው፤ ፍሉኮናዞል የሚባለው ክኒን ጉሮሮውን ባጭር ጊዜ ሊከፍትለት ይችላል። ግን ጉሮሮው ሲሻለው ሳሉ አለ። ለሳሉ መድኃኒት ሲጀመር ተቅማጡ ይነሳል። ተቅማጡ ጋብ ሲል ራስ ምታቱ ይብሳል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ጠባቂው አልታከመምና።

በዚያ ዘመን የብዙዎች የሆስፒታል ታሪክ እንዲህ ነበር። ገብተው ይሻላቸዋል፣ ይወጣሉ፣ ደግመው ይገባሉ፣ በመጨረሻም አይወጡም። አልፈርድባቸውም፤ አንተም አትፍረድ። የሸሸጉት በምክንያት ነበር። ቢናገሩ መድኃኒት አልነበረም፤ የነበረው መገለል ነበር። የሚበላበት ሳህን ይለይበታል፣ የተከራየውን ቤት ይነጠቃል፣ ለልጁም ጋብቻ አይገኝም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል በእነርሱ ላይ የከበደው ተናግረውም መድኃኒት ስላልነበራቸው ነው።

አሁን ትልቁ መታጠፊያ መጣ። በ1995 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በክፍያ መሰጠት ጀመረ። መክፈል የቻለው ጥቂት ሰው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግን በነጻ ሆነ። ሕዝቡ «ዕድሜ ማራዘሚያ» ብሎ ጠራው፤ በእርግጥም ዕድሜ አራዘመ። የሞትን ቀን ሲቆጥሩ የነበሩ ሰዎች ተነሥተው አረሱ፣ ነገዱ፣ ልጆቻቸውን ዳሩ። ብዙዎቹ ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ነገር ግን ልብ በል። መድኃኒቱ በነጻ ከተሰጠ በኋላም ሰው ሞተ። ጀምረው ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ክኒኑ በእጃቸው እያለ ለምን? ዘግይተው ስለመጡ ነው። ሲዲ ፎራቸው ከ200 በታች ወርዶ፣ ቲቢው ሥር ሰዶ፣ ፈንገሱ አንጎል ደርሶ ነበር የመጡት። የተዳከመው ጠባቂ በመድኃኒቱ ድንገት ሲነቃም ተደብቆ ከነበረው ጀርም ጋር የሚያደርገው ፍልሚያ ራሱ ገላን ይጎዳል። ሐኪሞች በአንዳንድ ሕሙማን ላይ አስቀድመው ቲቢውን ወይም የአንጎሉን ፈንገስ ማከም የሚጀምሩት፣ የኤችአይቪውን ክኒን ለጥቂት ሳምንታት የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

ከዚህ የምትይዘው ትምህርት ይኸው ነው። የመድኃኒት መኖር ብቻ አያድንም። የሚያድነው በጊዜው የተጀመረ መድኃኒት ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ሲሉ ያወረሱን እውነት ይህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዞን ልመልስህ። መተማ ለመድረስ ከደብረ ታቦር ወርደህ ወረታ ላይ ወደ ጎንደር ስትታጠፍ አዲስ ዘመንን ታልፋለህ። የሊቦ ከምከም ወረዳ ዋና ከተማ ነች። መድኃኒቱ በነጻ በተሰጠበት በዚያው በ1997 ዓ.ም. እዚያ የሆነውን ልንገርህ፤ አንተን በቅርብ ይመለከትሃልና።

ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት በሊቦ ከምከም ገጠር ሰው በማይለቅ ትኩሳት ይታመም ጀመር። ይከሳል፣ ፊቱ ይገረጣል፣ ከግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ሆዱ ያብጣል። ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። ወባው መድኃኒቱን ተላመደ ተባለ። ሰውም መሞቱን ቀጠለ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በምርመራ ሲረጋገጥ በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው፤ በመተማና በሁመራ ይታወቃል። ወደ ሊቦ ከምከም ያደረሱት ለሥራ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ሳይሆኑ እንደማይቀር ተገመተ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈቱ። በሦስት ዓመት ገደማ ጊዜ 2,450 አዲስ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ 120 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ከመምጣቱ በፊት በወባ ስም የተቀበሩት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

እዚህ ላይም ቆም በል። ሰዎቹ ሕክምና አልሄዱም አይባልም። ሄደዋል። ግን በሽታው በስሙ ሳይጠራ ጊዜ አለፈ። አንተ ለሐኪሙ «ቆላ ወርጄ ነበር፤ ሁመራ ሁለት ወር ሠርቻለሁ» ብትለው በሽታህን ቶሎ እንዲፈልገው ትረዳዋለህ። ዝም ብትል ወባ እያለ ሊመላለስ ይችላል። የት እንደነበርክ መናገር የሕክምናው ግማሽ ነው።

ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንኝ ነች። ድምፅ የላትም፤ ከወባ ትንኝ ታንሳለች። የምትነድፈው ከማምሻ እስከ ንጋት ነው። በዋልካው መሬት ስንጥቅ ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ትራባለች። ሠራተኛውም ደክሞት ከዚያው ከግራሩ ሥር በሜዳ ይተኛል። አጎበር ይዘህ ውረድ የምልህ ለዚህ ነው። ዋጋው ታመህ ሥራ ከምትፈታባቸው ቀናት ኪሳራ አይበልጥም።

አሁን ሁለቱን በሽታዎች፣ ኤችአይቪንና ካላዛርን፣ አንድ ላይ አድርጋቸው። በቆላው ከተማ ኪሱ የሞላ፣ ከቤቱ የራቀ፣ ከጠላና ከአረቄ ቤት የሚያመሽ ወጣት ብዙ ነው። እዚያው ኤችአይቪ ይይዘዋል፣ ወይም አስቀድሞ በደሙ ይዞት ሳያውቀው ይወርዳል። ከዚያ የአሸዋ ዝንቧ ትነድፈዋለች። ሁለቱም በሽታዎች የሚያጠቁት ያንኑ ጠባቂ ነው፤ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። በሰሜን ምዕራብ አገራችን በአንድ ወቅት ከመቶ የካላዛር ሕሙማን ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት ኤችአይቪም ነበረባቸው። በዓለም ከታዩት ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

መጨረሻቸው ምን ሆነ? በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁመራ ላይ በተደረገ ጥናት ኤችአይቪ የሌለባቸው የካላዛር ሕሙማን በሕክምና ላይ ሳሉ የሞቱት ከመቶ 4 አይሞሉም ነበር። ኤችአይቪ ካለባቸው ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ሞተዋል። የወሰዱት መርፌ አንድ ዓይነት ነበር። ያ መርፌ ከአንቲሞኒ የሚሠራ ነው፤ ለተጎዳ ገላ ራሱ ይከብዳል፤ ልብንና ቆሽትን ይጎዳል። ከዳኑትም መካከል በሽታው ደጋግሞ የተመለሰባቸው ብዙዎች ናቸው።

ይህ ሞት ግን ሳያስተምር አላለፈም። ሐኪሞች ከእነዚያ ሰዎች አልጋ አጠገብ ተማሩ። ሁለቱም በሽታዎች ላሉባቸው ሕሙማን መርፌውን ትተው አምቢዞም የተባለውን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና ሚልቴፎሲን የተባለውን እንክብል አንድ ላይ ሞከሩ። ሙከራው የተደረገው በጎንደርና በአብደራፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ሕክምና ለእነዚህ ሕሙማን መከረ። የእኛ አገር ሰዎች ሕመም ለሌላው ዓለም ሕሙማን መድኃኒት አሳየ ማለት ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ለካላዛር የቆመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ነገር ግን የተሻለው መድኃኒት እንኳ የኤችአይቪውን ክኒን አይተካም። ካላዛሩ ድኖ ክኒኑ ከተቋረጠ በሽታው መንገዱን ያውቀዋል፤ ይመለሳል።

ሌላ መታጠፊያ ላሳይህ። እኛ የጸበል አገር ሰዎች ነን። መድኃኒቱ መሰጠት በጀመረበት ዘመን ብዙዎች ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ፤ በየአጥቢያው ጸበልም ተጠመቁ። እምነታቸው መልካም ነበር። አንዳንዶቹ ግን ጸበል የገባ ሰው ክኒን መውሰድ የለበትም ተብለው መድኃኒታቸውን ጣሉ። ቫይረሱ ተነሣ፤ ቲቢው ተከተለ፤ ብዙዎች ከጸበሉ ደጃፍ ሞቱ። በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው እንጦጦ ተገኝተው ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም ለሕዝቡ ተናገሩ። ያ ቃል የብዙዎችን ሕይወት መልሷል። ስለዚህ ልጄ፣ ተጠመቅ፤ ክኒንህንም ዋጥ። ጾም ይዣለሁ ብለህ ከጠዋቱ ክኒን ጋር የምትጨነቅ ከሆነ ለሐኪምህ ንገረው። አሁን ያለው ክኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳልና ሰዓቱን ወደ ማታ ሊያዞርልህ ይችላል። ለንስሐ አባትህም ንገራቸው። ዝም ብለህ ግን አታቋርጥ።

ማቋረጥ ያልኩት ነገር ብዙ ሰው ያስከፈለ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው የታመመው አይደለም፤ የተሻለው ነው። ስድስት ወር ወስዶ ጉንጩ ይሞላል፣ ጉልበቱ ይመለሳል። ከዚያ «ምን ሆኜ ነው የምውጠው?» ይላል። የዳነው በክኒኑ እንደሆነ ይረሳል። ቫይረሱ አልጠፋም፤ ተደብቋል። ክኒኑ ሲቆም ይወጣል። ደጋግሞ የጀመረና ያቆመ ሰው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ያደርገዋል። የዛሬ ሃያ ዓመት ከነበሩት ክኒኖች መካከል እግር የሚያደነዝዙ፣ ፊት የሚያመነምኑም ነበሩ፤ ያኔ ያቋረጠ ሰው ሰበብ ነበረው። ዛሬ ለአብዛኛው ሰው በቀን አንድ ክኒን ነው። ሰበቡ ቀንሷል።

እርግጥ አንዳንዴ ማቋረጡ የሰውየው ጥፋት አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት እስከ ጋይንት ደርሶ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ክኒን ያልቅበታል። ከዚያ የምንማረው አለ። ክኒንህ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አትጠብቅ፤ ቀደም ብለህ ሂድ። ወደ ቆላ ስትወርድም ለብዙ ወር የሚበቃህን እንዲሰጡህ ጠይቅ፤ የክትትል ካርድህን ያዝ። በሄድክበት ወረዳ መድኃኒቱን የሚሰጥ ጤና ጣቢያም ጠይቅ። ካርድህን ጫማህ ውስጥ አትደብቀው፤ እርሱ እንደ መታወቂያህ የሚጠቅምህ ወረቀት ነው።

ቀድሞ መምጣት ምን ያህል እንደሚጠቅም ዓለም በጥናት አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2015 በ35 አገሮች የተደረገ ትልቅ ጥናት ውጤቱ ወጣ። ሲዲ ፎራቸው ገና ከ500 በላይ ሳለ መድኃኒት የጀመሩት ሰዎች፣ ቁጥሩ እስኪወርድ ከጠበቁት ይልቅ ከባድ ሕመምና ሞት በ57 በመቶ ቀንሶላቸው ተገኘ። ከዚያ በኋላ አገራችንም ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ሁሉ ቁጥሩ እስኪወርድ ሳትጠብቅ ማስጀመር ያዘች። የድሮው ሕመምተኛ «ገና ነህ፤ ስትታመም ና» ይባል ነበር። አንተ እንደዚያ አትባልም።

ዘግይቶ የመጣም ተስፋ አይቁረጥ። ዛሬ ሆስፒታሉ የቀድሞው አይደለም። ሲዲ ፎሩ ከ200 በታች የሆነ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ቲቢን በአክታ ብቻ ሳይሆን በሽንትም ይፈልገዋል። ክሪፕቶኮከስን ራስ ምታቱ ሳይጀምር በደም ይፈልገዋል፤ ያ ፈንገስ በዓለም ላይ ከሚሞቱት የኤድስ ሕሙማን መካከል ከአምስቱ አንዱን ያህል የሚገድል ነውና። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው ርካሽ ክኒን የሳንባ ምችንና ሌሎችንም ይከላከላል፤ ዛምቢያ ውስጥ ቫይረሱ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ሞትን በ43 በመቶ መቀነሱ ታይቷል። የቲቢ መከላከያም አለ። መካነ ኢየሱስ የራሷ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይልካል። አባቶችህ በወሳንሳ ቀን ሙሉ ተጉዘው ያላገኙትን አንተ በቅርብ ታገኘዋለህ። ቅርብ የሆነ ነገር ግን እግር ያልሄደበት እንደሆነ ሩቅ ነው።

አንቺም ልጄ፣ ይህ ነገር ለወንዶቹ ብቻ የተነገረ አይምሰልሽ። ባልሽ ከቆላ ሲመለስ «ደህና ገባህ» ማለት ተገቢ ነው፤ አብራችሁ መመርመርም ተገቢ ነው። ጥርጣሬ አይደለም፤ ቤትን መጠበቅ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ ምርመራው የሁለት ሰው ነው። እናቱ ሕክምና ካላገኘች ከመቶ ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑትን ቫይረሱ ይይዛቸዋል። መድኃኒቷን በሥርዓት ከወሰደች ከመቶ 5 አይሞሉም። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር አጋሩ አያስተላልፍም። ይህን ቀድሞ ቢያውቁት ኖሮ ስንት ትዳር ባልፈረሰ፣ ስንት ሕፃን ባልተቀበረ!

ለጎረቤትና ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። የድሮ ሰዎችን ያዘገያቸው በሽታው ብቻ አልነበረም፤ የእኛ ምላስም ነበር። ሳህን የለየነው፣ በሹክሹክታ የጠቆምነው፣ ከዕድር ያራቅነው ሰው ሕመሙን ደብቆ ሞተ። እርሱ ሲሞት ቲቢውን ለልጆቹ ትቶ ሄደ። ሰው ያፈረበት ቤት በሽታ ይደበቅበታል። እናንተ ቤት ውስጥ ሰው ሕመሙን ሳይፈራ መናገር ይችላል ወይ? ዛሬ ማታ ጠይቁ።

እንግዲህ ልጄ፣ መናኸሪያ ከመሄድህ በፊት እነዚህን ያዝልኝ። ከመሄድህ በፊት ተመርመር፤ ስትመለስም ተመርመር። ኮንዶም ያዝ፣ አጎበር ያዝ። ከሁለት ሳምንት የዘለቀ ትኩሳት፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የሰፋ ቀበቶ፣ በአፍህ የታየ ነጭ ነገር፣ በግራ ጎንህ ያበጠ ሆድ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይም በገላህ የወጣ አልማዝ ባለጭራ ካየህ ሥራው እስኪያልቅ አትጠብቅ። ሰሊጡ አንተ ባትኖርም ይታጨዳል። ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርብ የት እንደነበርክ፣ ምን እንደወሰድክ፣ ክኒን አቋርጠህ ከሆነም መቼ እንዳቋረጥክ በግልጽ ንገረው። ቫይረሱ ተገኘብህ ከተባልክ በዚያው ሳምንት ጀምር፤ በዚያው ዕለትም ቢሰጡህ ውሰድ። ሐኪሙ ቲቢውን ወይም ሌላውን አስቀድሜ ላክም ካለህ ደግሞ ታገሠው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዘገየ ሰው ነው። ከ1997 ዓ.ም. በፊት የነበሩት አብዛኞቹ ቢቀድሙም የሚጠብቃቸው መድኃኒት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሞቱት ብዙዎች መድኃኒቱ እያለ ሳይደርሱበት ቀሩ። አንተ ግን መድኃኒቱም አለህ፣ ቀኑም አለህ። ቀኑን አታባክነው። ነገ ጠዋት መናኸሪያ ከመሄድህ በፊት ሆስፒታሉ ግባ፤ ምርመራው ብዙ ጊዜ አይወስድብህም። ውጤትህን ይዘህ ከወጣህ በኋላ የምትሄድበት መንገድ ሁሉ የታወቀ መንገድ ይሆናል።